ለኤልክ የቀስት አደን የሚታዘል ዕቃ፦ ከሥጋ ማውጫው ቀን ተነስቶ የተደረገ ግምገማ

በአሜሪካ ምዕራብ ተራሮች፣ በሕዝብ መሬት ላይ ኤልክ የተባለውን ትልቅ የአጋዘን ዝርያ በደጋን ለማደን የሚዘጋጅ ሰው ዕቃ ሲገዛ ሐሳቡ ያለው መግቢያው ቀን ላይ ነው። ቦርሳው ስንት ግራም ነው፣ ድንኳኑ ተጠቅልሎ የት ይገባል ይላል። ይህ ግምገማ የሚነሣው ከሌላው ጫፍ፣ ፍላጻው ካረፈ በኋላ ካለው ቀን ነው። የደረሰ ኮርማ ኤልክ በቁመናው 300 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናል። አጥንቱ ወጥቶ የሚበላው ሥጋ ብቻ ከ90 እስከ 110 ኪሎ ይሆናል። አንድ ጤነኛ ሰው ጉልበቱን ሳይጎዳ ተራራ ላይ የሚሸከመው ከ30 እስከ 35 ኪሎ ሥጋ ስለሆነ፣ ለሥጋው ሦስት ሸክም፣ ለሰፈሩ ዕቃ ደግሞ አንድ ሸክም ማለት ነው። እንስሳው የወደቀው ከመኪናው 5 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ አራት ጊዜ መውጣትና ሦስት ጊዜ መመለስ 35 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ 10 ኪሎ ሜትር ከራቀ 70። በሴፕቴምበር ሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም ቀኑ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ሥጋው አይጠብቅም። ስለዚህ እዚህ የተነሣ ዕቃ ሁሉ የተመዘነው ያንን ሥጋ ሳይበላሽ ለማውጣት በሚሰጠው እርዳታ ነው።

መነሻው አንድ ሰው፣ አምስት ቀን፣ ከ2,500 እስከ 3,300 ሜትር ከፍታ ነው። በጎማ የሚገፋ የሥጋ ጋሪ አልተካተተም፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የዊልደርነስ ሕግ በተከለሉ ዱሮች ውስጥ ሞተር ብቻ ሳይሆን ማንኛውም ሜካኒካዊ ማጓጓዣ ክልክል ስለሆነ ጋሪው በምርጡ መሬት ላይ ከመኪና አይወርድም።

ቦርሳው

ገንዘብ መውጣት ያለበት በመጀመሪያ እዚህ ላይ ነው፤ ከደጋኑም በፊት። 1 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ቀላል የእግረኛ ቦርሳ መግቢያው ላይ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከ15 እስከ 18 ኪሎ ካለፈ በኋላ የቦርሳው የጀርባ ድጋፍ ይታጠፋል፣ ክብደቱም ከወገብ ወጥቶ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ለኤልክ የሚሆነው ጠንካራ ፍሬም ያለው፣ ቦርሳውና ፍሬሙ መካከል ተከፍቶ ሥጋ የሚቀመጥበት መደርደሪያ የሚፈጥር ዓይነት ነው። ኪፋሩ፣ ስቶን ግሌሸርና ኤክሶ ማውንቴን ጊር የሚሠሯቸው በዚህ መንገድ የታሰቡ ናቸው። ፍሬምና ቦርሳ አንድ ላይ በአብዛኛው ከ600 ዶላር በላይ ያስወጣል። ውድ ነው፤ ቢሆንም ከዝርዝሩ ውስጥ ዋጋውን ያለ ክርክር የሚመልስ ዕቃ እሱ ነው።

የሥጋ መደርደሪያው ጥቅም ሁለት ነው። ሥጋው ከቦርሳው ውጪ ስለሚቀመጥ ልብስና ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ደም አይነካቸውም። ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ ከባዱ ነገር ከጀርባ ጋር ተጣብቆ መቀመጡ ነው። ሸክሙ ከጀርባ 10 ሴንቲ ሜትር በራቀ ቁጥር ተሸካሚው ወደ ፊት ያጎነብሳል፤ ከወገብ በታች ከወረደም ወደ ኋላ ይጎትታል። ትክክለኛው ቦታ ከጀርባ መሃል ጀምሮ እስከ ትከሻ አጥንቶች ድረስ ነው። ሥጋው እየተንሸራተተ እንዳይወርድ ከከረጢቱ ሥር የተጠቀለለ ጃኬት ወይም ድንኳን አስቀድሞ መደርደር፣ ከዚያ ሥጋውን ከላዩ አስቀምጦ ማሰሪያዎቹን ከታች ወደ ላይ ማጥበቅ ነው። ከላይ መጀመር ሥጋውን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የፍሬሙ ቁመት ከ61 እስከ 66 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ፍሬሙ ከትከሻ በላይ ካልወጣ ሸክሙን ወደ ላይ የሚያነሡት ሁለቱ ማሰሪያዎች አንግል አይኖራቸውም፤ ቢጠብቁም የሚያደርጉት ነገር የለም። የወገብ ቀበቶው መሃል በዳሌ አጥንት ጫፍ ላይ ማረፍ አለበት። ሆድ ላይ የታሰረ ቀበቶ በመጀመሪያው ቁልቁለት ይንሸራተታል፣ ሰውየውም ቀበቶው ተበላሽቷል ብሎ ያማርራል። ከ80 እስከ 100 ሊትር የሚይዝ ቦርሳ ለአምስት ቀን በቂ ነው። ከዚያ የሚሰፋው ባዶ ቦታውን ለመሙላት ዕቃ ያስጨምራል።

ከወቅቱ በፊት ቦርሳውን በ35 ኪሎ መፈተን ግድ ነው። ለዚህ ከአሸዋ ይልቅ ውሃ ይሻላል፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነውና መለኪያ አያስፈልግም፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ደፍቶ ባዶ ቦርሳ ይዞ መውረድም ጉልበት ያድናል። በዚህ ፈተና ላይ የሚሰማ የፍሬም ጩኸት ጫካ ውስጥም ይሰማል፤ የሚገናኙበትን ቦታ አግኝቶ በጨርቅ ቴፕ መጠቅለል በአብዛኛው ያቆመዋል። ሁለት መለዋወጫ ማያያዣ ዘለበት ይያዝ፤ ፕላስቲኩ በብርድ ቀን ሲረገጥ ይሰነጠቃል።

ብልት ማውጫው

ሥጋውን በየብልቱ ለይቶ ማውጫው ዕቃ ለብቻው በአንድ ትንሽ ከረጢት ይታሰር፤ በአደኑ ሰዓት ሁሉ ከአዳኙ ጋር ይሁን እንጂ ድንኳን ውስጥ አይቀመጥ። ጠቅላላ ክብደቱ 900 ግራም ገደማ ነው። አምስት የሥጋ ከረጢቶች፣ ሁለት ዓይነት ቢላዋ፣ 15 ሜትር ቀጭን ገመድ፣ 1.5 በ2 ሜትር የሆነ ቀላል ሸራ፣ ሁለት ጥንድ የላስቲክ ጓንት፣ የፕላስቲክ ማሰሪያና እስክሪብቶ ይይዛል።

የሥጋ ከረጢት ላይ ርካሹን መግዛት የሚያስከፍለው ኋላ ነው። እንደ ቁስል ማሰሪያ ጨርቅ የሳሳው የጥጥ ከረጢት ሲለጠጥ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ዝንብ በቀዳዳው ዕንቁላል ትጥላለች፣ ታፋ ሲገባበትም ይቀደዳል። በጥብቅ የተሸመነ፣ ግን አየር የሚያስተላልፍ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሻላል፤ ታጥቦ ለዓመታት ያገለግላል። የላስቲክ ቆሻሻ ከረጢት ለትኩስ ሥጋ አይነካ። ሙቀቱንና እርጥበቱን ያፍናል፣ በሰዓታት ውስጥም ሥጋው መኮምጠጥ ይጀምራል።

ቢላዋን በተመለከተ ሃቫሎን ፒራንታ ስሙ ከፍ ያለ ነው፤ ስለቱ እንደ ቀዶ ሕክምና ምላጭ ይለወጣል፣ መሞረድ አያስፈልግም፣ ቆዳ ለመግፈፍ የሚተካከለው ጥቂት ነው። ድክመቱ ከቅጥነቱ ይመጣል። መገጣጠሚያ ውስጥ ከተጠመዘዘ ይሰበራል፣ የተሰበረው ቁራጭም ሥጋ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ለቆዳና ለሥጋ እሱን ከስድስት መለዋወጫ ጋር፣ ለመገጣጠሚያ ደግሞ ወፍራም ቋሚ ስለት ያለው 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቢላዋ መያዝ ነው። ያገለገለ ስለት የሚከተትበት ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ ካልተያዘ ጨለማ ውስጥ እጅ ይቆረጣል። መጋዝ አያስፈልግም፤ ቀንዱን ከራስ ቅሉ ጋር ለማውጣት ያሰበ ብቻ ትንሽ ማጠፊያ መጋዝ ይጨምር።

መጋዝ የማያስፈልገው ሆድ ሳይከፈት ብልት ስለሚወጣ ነው። እንስሳው በጎኑ ይተኛል፤ ቆዳው ከአንገት እስከ ጅራት በጀርባ አጥንት ላይ ይቀደድና ወደ ሆድ ይገፈፋል። ወርቹ ከአካሉ ጋር የተያያዘው በሥጋ ብቻ ስለሆነ እግሩን አንሥቶ ከሥሩ መቁረጥ በቂ ነው። ታፋው ግን የዳሌውን አንጓ ማግኘት ይጠይቃል፤ እግሩን እያነሡ ሲቆርጡ አንጓው ራሱን ያሳያል፣ መሃሉ ያለው ጅማት ሲቆረጥም ይለቃል። ከዚያ ሽንጡ በጀርባ አጥንቱ ተከትሎ ይወጣል፣ የአንገት ሥጋ ይከተላል። ጭቅናው ከመጨረሻው ጎድን ኋላ እጅ ገብቶ፣ ሆድ ዕቃው ወደ ታች ተገፍቶ ይላቀቃል። ሆድ ዕቃው ተነፍቶ ከሆነ እዚህ ላይ ቢላዋው ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ካልሄደ ጨጓራ ይወጋል፣ ጭቅናውም ይበላሻል። ከዚያ ማገላበጥና መድገም ነው።

ሕጉም በዚህ ሰዓት ይመጣል። በኮሎራዶ ግዛት የእንስሳው ጾታ ማስረጃ ከሥጋው አንድ ክፍል ጋር በተፈጥሮው እንደተያያዘ መቆየት አለበት፣ ስለዚህ አንዱ ታፋ ሲወጣ ማስረጃውን ሳይቆርጡ ከታፋው ጋር መተው ነው። የፈቃዱ መለያ ካርድ ወዲያው ይፈረማል፣ ቀኑም ይጻፋል። እስክሪብቶና የፕላስቲክ ማሰሪያ በከረጢቱ የገቡት ለዚህ ነው። ብዙ ግዛቶች ደግሞ አጋዘንንና ኤልክን በሚያጠቃው ሥር የሰደደ የመመንመን በሽታ ምክንያት አንጎልና አከርካሪ ወደ ሌላ ግዛት እንዳይገባ ይከለክላሉ፤ አጥንት አውጥቶ መሄድ ይህንንም ያቃልላል።

ሥጋው መጀመሪያ የሚበላሸው ላዩ አይደለም። ከታፋው ውስጥ፣ ከአጥንቱ አጠገብ፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣበት ቦታ ነው። ቀኑ ሞቃት ከሆነ ታፋውን በአጥንቱ ርዝመት መሰንጠቅ ወይም አጥንቱን ማውጣት ይሻላል። አጥንት ያለው የትልቅ ኮርማ ታፋ ከ27 እስከ 35 ኪሎ ስለሚደርስ ማውጣቱ ሸክሙንም ይቀንሳል። ከረጢቶቹ ነፋስ በሚያገኛቸው ጥላ፣ በሰሜን ፊት ባለ ገደል ወይም በጅረት ዳር ባለ ዛፍ ላይ ይሰቀሉ። ሸራው የሚያገለግለው ሥጋው እስኪሰቀል አፈርና ቅጠል እንዳይነካው ነው።

ደጋኑና መለዋወጫው

ጫካ ውስጥ አዲስ ደጋን የሚያመጣ የለም። ስለዚህ የደጋኑ ግምገማ ስለ ፍጥነቱ ሳይሆን ስለሚሰበረው ነው። የሚላላው በመጀመሪያ የማነጣጠሪያው ብሎን ነው። ከቤት ሳይወጣ ብሎኑና መቀመጫው ላይ በቀለም እስክሪብቶ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር፣ መስመሩ ሲሰበር መላላቱ በዓይን ይታያል። የመለዋወጫው ቦርሳ ከ200 ግራም አይበልጥም፦ የደጋኑን ብሎኖች ሁሉ የሚፈታ ባለ ስድስት ጎን ማጠፊያ ቁልፍ፣ 30 ሴንቲ ሜትር የዲ-ሉፕ (አውታሩ ላይ የሚታሰረው ትንሽ ቀለበት) ገመድ፣ ላይተር፣ የአውታር ሰም፣ ትንሽ ክር፣ ሁለተኛ ሪሊዝ፣ ማለትም አውታሩን ይዞ የሚለቅ መሣሪያ። ሁለተኛው ሪሊዝ ቅንጦት አይደለም። የእጅ አንጓው ሪሊዝ የጠፋበት ሰው ለመሳብ 60 ፓውንድ ጉልበት የሚጠይቅ ደጋን በጣቱ ስቦ በትክክል አይተኩስም፤ ሁለተኛውም ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ አስቀድሞ የተለማመዱበት መሆን አለበት። ሞቃት መኪና ውስጥ የዋለ ደጋን አውታሩ ይለጠጣል፣ ማነጣጠሪያው ቀለበትም ይዞራል። መድረሻው ላይ ሳይተኩሱ ወደ ጫካ መግባት የለም።

ስድስት ፍላጻ ይበቃል፤ አምስቱ በስለት፣ አንዱ በልምምድ ጫፍ። በየቀኑ አንድ ጊዜ ለስላሳ አፈር ላይ መተኮስ ማነጣጠሪያው መንቀሳቀሱን ከአውሬው በፊት ይናገራል። ለኤልክ ከ400 እስከ 500 ግሬን፣ ማለትም ከ26 እስከ 32 ግራም የሚመዝን ፍላጻ ከ100 ወይም ከ125 ግሬን ቋሚ ስለት ጋር የሚያስተማምን ነው። ተከፋች ስለት ሲመታ ለመከፈት ጉልበት ይበላል፤ የትከሻ አጥንት ጠርዝ ካገኘ መግባቱ ይቀንሳል። ለነጭ ጭራ አጋዘን የሚመሰገን ሁሉ ለኤልክ አይሆንም። ኮሎራዶ ለመሳብ ቢያንስ 35 ፓውንድ ጉልበት የሚጠይቅ ደጋንና ቢያንስ 22 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስለት ትጠይቃለች። በተከፋች ስለትና በሚበራ የፍላጻ ጭራ ላይ የየግዛቱ ደንብ ስለሚለያይ የዓመቱ የደንብ መጽሐፍ ሳይነበብ አይገዛ። ኮሮጆው ስለቶቹን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ክዳን ከሌለው አይያዝ፤ ቁልቁለት ላይ መውደቅ አለና።

ተመትቶ የሄደውን መከተያ ዕቃ ደግሞ ብዙ ዝርዝር ይረሳዋል። ቀይ ነጠብጣብ ያለበት የመኸር ቅጠልና ደም በምሽት አንድ ይመስላሉ። በትንሽ መርጫ የተያዘ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ደም ላይ አረፋ ያወጣል፣ ቅጠል ላይ አያወጣም፤ 50 ሚሊ ሊትር ይበቃል። የሽንት ቤት ወረቀት ቁርጥራጭ በደሙ መስመር ላይ ማስቀመጥ አቅጣጫውን ያሳያል፣ ዝናብም ያጠፋዋል። ሳንባ የተመታ ግማሽ ሰዓት፣ ጉበት ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ሆድ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጠበቃል። ቶሎ የተነሣ ኤልክ ሌላ ሸለቆ ይሻገራል፤ ያኔ ከላይ የተሰላው ኪሎ ሜትር ሁሉ ይቀየራል።

ነፋስ፣ ድምፅ፣ መነጽር

ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ የሚበልጠው የንፋስ መፈተሻ ዱቄት ነው፤ ሁለት ጠርሙስ ይያዝ፣ አንዱ እርጥበት ሲገባው ይደድራል። ጠዋት ፀሐይ ገደሉን እስክትመታ አየሩ ወደ ታች ይፈስሳል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይዞራል፣ ማታ እንደገና ይወርዳል። ኤልክ ሽታ ካገኘ በውዱ የካሙፍላጅ ልብስ አይታለልም። በስሪያው ወቅት መጥሪያ ይረዳል፦ ሦስት ወይም አራት የአፍ ውስጥ ሽፋን መጥሪያ፣ አንድ ቀላል ቱቦ። ሽፋኑ በምራቅ ስለሚላላ አንድ ብቻ መያዝ አይበቃም። አሥር በአርባ ሁለት (አሥር እጥፍ የሚያጎላ፣ ሌንሱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ባይኖክላር በደረት ማሰሪያ ይመጣል፤ የቦታ መቃኛው ትልቅ መነጽር ከሦስት እግሩ ጋር ለደን አደን ክብደት ብቻ ነው፣ ይቅር። ርቀት መለኪያው አንግል የሚያሰላ መሆን አለበት፦ በ30 ዲግሪ ቁልቁለት 40 ሜትር ያለ እንስሳ በአግድም 35 ሜትር ገደማ ነው፤ በ40 ያነጣጠረ ከላዩ ያልፋል።

መኝታና መጠለያ

ፍራሽ ላይ ቴርም-ኤ-ረስት ኒዮኤር ኤክስላይት ኤንኤክስቲ ጥሩ ሚዛን ይሰጣል፤ መደበኛው 370 ግራም ነው፣ የሙቀት መከላከያ መለኪያው 4.5። ለሴፕቴምበር ከ4 በታች አይውረዱ፤ ውርጭ ያለበት መሬት ሙቀቱን ከታች ይመጥጣል፣ ስሊፒንግ ባጉ ምንም ያህል ቢወፍር ሰውነት የተጫነው ላባ አያሞቅም። እንደ አየር ፍራሽ ሁሉ ሊበሳ ይችላል፣ ስለዚህ የመጠገኛ ማጣበቂያው ከፍራሹ አይለይ። ስሊፒንግ ባግ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሲያነቡ የምቾት ደረጃውን ይዩ፤ በትልቁ የሚታተመው ብዙ ጊዜ የመጨረሻ ወሰኑ ነው፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም ብርድ የሚያበዛ ሰው እንቅልፍ የሚያጣበት ነው።

ወለል የሌለው ሾጣጣ ድንኳን ከታጣፊ የእንጨት ምድጃ ጋር ተወዳጅ ነው፤ እርጥብ ልብስ ያደርቃል። በሴፕቴምበር ግን የእሳት እገዳ ሊኖር ይችላል፣ በእገዳ ጊዜ የእንጨት ምድጃው ሸክም ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምድጃውን መተውና 1.3 ኪሎ የሚመዝን ተራ ባለ አንድ ሰው ድንኳን መያዝ ይሻላል። በአብዛኛው ብሔራዊ ደን ውስጥ በአንድ ቦታ መስፈር የሚቻለው እስከ 14 ቀን ነው፤ ለአምስት ቀን ጉዞ አያሳስብም።

ምድጃና ውሃ

ኤምኤስአር ፖኬትሮኬት 2 የተባለው የጋዝ ምድጃ ክብደቱ 73 ግራም ብቻ ነው፣ ውሃ ከማፍላት ሌላ ሥራ ለማይጠይቅ ምግብ ይበቃል። በእገዳ ጊዜ መዝጊያ ያለው የጋዝ ምድጃ በአብዛኛው ይፈቀዳል፤ የአልኮል ምድጃና ጠጣር ነዳጅ ግን መዝጊያ ስለሌላቸው ይከለከላሉ። 230 ግራም የጋዝ ጣሳ ለአምስት ቀን በቀን 1.5 ሊትር እያፈሉ ይተርፋል። ጣሳው ተራ ቡቴን እንዳይሆን፤ ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ በታች ጋዝ መሆኑን ያቆማል፣ አይሶቡቴንና ፕሮፔን የተቀላቀለበት ግን ጠዋትም ይሠራል። በ3,000 ሜትር ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የደረቀው ምግብ ከተጻፈበት ደቂቃ በላይ ተሸፍኖ መቆየት አለበት። በቀን 800 ግራም ምግብ፣ በግራም ከ4 ካሎሪ በላይ የሚሰጥ፣ 3,200 ካሎሪ ይሆናል። የሥጋ ማውጫው ቀን ራሱን የቻለ አንድ ተጨማሪ ራሽን ይፈልጋል፤ እሱ ከመኪናው ውስጥ ይጠብቅ።

ሳውየር ስኩዊዝና ካታዲን ቢፍሪ የተባሉት የውሃ ማጣሪያዎች ሁለቱም 0.1 ማይክሮን ያጣራሉ። ቢፍሪው ፈጣን ነው፣ ግን ጭቃማ ውሃ ሲገባው ቶሎ ይዘጋል። ሳውየሩ ወደ ኋላ ውሃ ገፍቶ ሊጸዳ ስለሚችል ኤልክ በሚንከባለልበት ኩሬ አጠገብ ለሚያድን ሰው ይመረጣል። የሁለቱም ጠላት ውርጭ ነው፦ አንድ ጊዜ ከረጠበ በኋላ ማጣሪያው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ይሰነጠቃሉ፣ ስንጥቁም በዓይን አይታይም፣ ውሃውም እንደ ድሮው ይፈስሳል። ሌሊት በላስቲክ ጠቅልሎ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ማሳደር ነው። ለመጠባበቂያ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ እንክብል ይያዝ፤ ለባክቴሪያ 30 ደቂቃ፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም ለተባለው ጥገኛ ተውሳክ ግን 4 ሰዓት ይጠይቃል።

ልብስ ላይ ብዙ አያከራክርም። ጥጥ አይገባም፤ ሜሪኖ ሱፍ ከውስጥ፣ የሚጠቀለል ሙቅ ጃኬት፣ ዝናብ መከላከያ ላይና ታች፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ጓንት። መቀየሪያ ሱሪ ይቅር። በሸክም ቀን የሚታጠፍ የተራራ ዱላ ጥንድ ከማንኛውም ልብስ ይበልጣል።

ደኅንነት

ጋርሚን ኢንሪች ሚኒ 2 100 ግራም ነው፣ በኢሪዲየም ሳተላይት ሁለት አቅጣጫ መልእክት ያስተላልፋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አሁንም የሚመከር ነው። ወርኃዊ ክፍያው ይቆጠር። ከድንገተኛው ጥሪ ባሻገር ያለው ጥቅም ሥጋ የሚያወጣ ባለ ፈረስ ለመጥራት መቻሉ ነው፤ ነገር ግን በብሔራዊ ደን ውስጥ በክፍያ የሚሠራ ፈቃድ ሊኖረው ስለሚገባ ስምምነቱ ከወቅቱ በፊት ይያዝ። ጥቅጥቅ ባለ ደን ሥር ወይም ጠባብ ሸለቆ ውስጥ መልእክቱ ሊዘገይ ይችላል፤ ወደ ግልጽ ሰማይ መውጣት ያስፈልጋል። ለካርታ ኦንኤክስ ሀንት የተባለው የስልክ መተግበሪያ የሕዝብና የግል መሬት ድንበር በግልጽ ያሳያል። ካርታው ከቤት ሳይወጣ ስልኩ ላይ መጫን አለበት፣ ስልኩም በአውሮፕላን ሁነታ ይቀመጥ፤ 10,000 ሚሊአምፐር-ሰዓት ፓወር ባንክ ያኔ አምስት ቀን ያደርሳል። ሁለት የግንባር መብራት ይያዝ፤ ብልት የሚወጣው ብዙ ጊዜ በጨለማ ነው።

በሕክምና ቦርሳው ውስጥ የማይተወው ቱርኒኬት፣ ማለትም ደም ለማቆም እጅ ወይም እግር ላይ የሚጠብቅ ማሰሪያ ነው። እንደ ምላጭ የተሳለ ስለትና የሚንሸራተት ደማም እጅ አንድ ላይ ባሉበት ቦታ ቁስል ማሸጊያ ፕላስተር ብቻ አይበቃም። ከቦርሳው ውጪ፣ በአንድ እጅ በሚደረስበት ቦታ ይታሰር።

ግሪዝሊ ድብ ባለባቸው የሞንታና፣ የዋዮሚንግና የአይዳሆ አካባቢዎች የድብ በርበሬ ስፕሬይ በቀበቶ ላይ እንጂ በቦርሳ ውስጥ አይሁን። አውሮፕላን ላይ በእጅም በሻንጣም አይገባም፤ የጋዝ ጣሳም እንዲሁ፣ ሁለቱም ደርሰው ይገዙ። የምግብ አቀማመጥ ትእዛዝ ባለባቸው ደኖች ምግብና ሥጋ ከመሬት 3 ሜትር ከፍ፣ ከግንዱ 1.2 ሜትር ራቅ ብሎ ይሰቀላል። ለዚህ ቀጭኑ ገመድ አይበቃም፣ 30 ሜትር ጠንካራ ገመድና ትንሽ መዘውር ይጨመር። የቀረው ሬሳ ከሥጋው ቢያንስ 100 ሜትር ቢርቅ ይመረጣል፤ ለሁለተኛው ሸክም ሲመለሱም ከሩቅ በባይኖክላር አይቶ፣ ድምፅ እያሰሙ መቅረብ ነው።

ሚዛኑ

ሁሉም ሲደመር፦ ቦርሳ 2.6፣ ድንኳን 1.3፣ ስሊፒንግ ባግ 1.1፣ ፍራሽና መጠገኛው 0.45፣ ምድጃ፣ ድስትና ጋዝ 0.7፣ ምግብ 4፣ ውሃ 2፣ ተጨማሪ ልብስ 2.3፣ ብልት ማውጫ 0.9፣ መነጽርና ርቀት መለኪያ 1.2፣ ኤሌክትሮኒክስ 0.7፣ ሕክምናና መጠገኛ 0.5። 18 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ደጋኑ ከነፍላጻው 3 ኪሎ ይጨምራል። የድብ መሬት ላይ ስፕሬዩና ገመዱ ሌላ 1 ኪሎ ያመጣሉ። ከ25 ኪሎ ያለፈ ቦርሳ ያለው ሰው በአብዛኛው ትርፉን የሚያገኘው ልብስና ምግብ ላይ ነው። ብልት ማውጫውን ቀንሶ ክብደት ማቃለል ግን አይገባም።

መኪናው ውስጥ የሚቀረው ዕቃም የዚሁ ዝርዝር አካል ነው። አጥንቱ የወጣ የኮርማ ሥጋ ሁለት 110 ሊትር ገደማ የሚይዙ የበረዶ ሣጥኖች ይሞላል። ከቤት በሞሉ ጀሪካኖች ውስጥ በረዶ የሆነ ውሃ ከተፈጨ በረዶ ይልቅ ለቀናት ይቆያል፣ ሲቀልጥም ሥጋውን አያረጥብም፤ ለአምስት ቀን ሣጥኖቹ በጥላ ቆመው በብርድ ልብስ ይሸፈኑ። ሥጋው ከጀሪካኖቹ በላይ፣ በከረጢቱ እንዳለ ይደርደር፤ የሣጥኑ የታችኛው ማፍሰሻ ተከፍቶ መኪናው ወደ ማፍሰሻው በኩል ትንሽ ዘንበል ብሎ ይቁም፣ ደም ያዘለ ውሃ ውስጥ ያደረ ሥጋ ይነጣልና።